የያዝሽውን መድኃኒት ሳታውቂ አትስጪ

ጥያቄው፦ «ሰላም ሲስተር፣ እንደምን አሉ? የ3ኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ዋርድ ላይ ልምምድ ከጀመርን ሦስት ሳምንት ሆነን። አምስቱን ትክክሎች፣ ማለትም ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድና ትክክለኛ ሰዓት የሚሉትን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። አልጋው አጠገብ ስቆም ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። ስሌቱም ይምታታብኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሲኒየር ነርስ የተሞላ ሲሪንጅ ሰጥተውኝ ‹ሂጂ 6 ቁጥር ስጪ› አሉኝ። ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ሰጠሁ። ታካሚው ምንም አልሆነም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሰው እንዳልጎዳ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽ ነገር በእርግጥም እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ጥፋቱ ግን የአንቺ ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው የሞላውን ሲሪንጅ ለተማሪ አሳልፎ መስጠት ልክ አይደለም። ሥራ ሲበዛ፣ ታካሚ ሲበዛ፣ ተማሪዋም «እሺ» ስትል እንዲህ ያለው ነገር ይለመዳል።

አምስቱን ትክክሎች ማወቅሽ ጥሩ ነው። እኔም አስተምራቸዋለሁ። ግን ሰው ሲደነግጥ ቀድሞ የሚጠፋው በቃል የያዘው ነው። የገባው ነገር አብሮት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ። ከመስጠትሽ በፊት ራስሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «ይህን ከሰጠሁ በኋላ ታካሚው ላይ ምን አያለሁ? ምን ካየሁስ ወዲያው አቆማለሁ?» መልሱ ካልመጣልሽ መድኃኒቱን ገና አታውቂውም ማለት ነው። ያኔ አትስጪው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሁለት ነርሶች ብቻ ነበርን። ለአንዲት እናት ሴፍትሪያክሶን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰጥቼ ካኑላዋን፣ ማለትም ደም ሥሯ ውስጥ የገባችውን ቀጭን ቱቦ፣ በሴላይን (በጨው ውኃ) ላጥብ ፈለግኩ። ትሪው ላይ 10 ሚሊ ሊትር የምትይዝ፣ ውስጧ እንደ ውኃ የጠራ አምፑል (ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ) ነበረች። ከፈትኳት፣ ሳብኩ፣ አየሩን አስወጣሁ። ወደ አልጋው ስራመድ ባልደረባዬ «ምንድን ነው የያዝሽው?» አለችኝ። «ሴላይን ነዋ» አልኳት። «እስቲ አምፑሉን አሳዪኝ» አለች። ተመልሼ አነሳሁት። ፖታሲየም ክሎራይድ ይላል።

ያን ጊዜ እጄ ሲንቀጠቀጥ እስከ ንጋት አልቆመም። አምስቱን ትክክሎች እኮ በቃሌ አውቃቸው ነበር።

ፖታሲየም ለምን እንደዚያ እንደሚገድል ከገባሽ ዕድሜ ልክሽን አትረሺውም። በደማችን ውስጥ ያለው የፖታሲየም መጠን በአንድ ሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊኢኩቫለንት (በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ጨው መለኪያ) ገደማ ነው። በሴሎቻችን ውስጥ ያለው ግን 140 ገደማ ይደርሳል። ልብ የሚመታው በዚህ የውስጥና የውጭ ልዩነት ነው። የውጭው በድንገት ከፍ ካለ ልዩነቱ ይጠብባል፤ የልብ ኤሌክትሪክ ይዛባል፤ ልብ ይቆማል። አሁን አምፑሏን እያት። 15 በመቶ የሆነው የ10 ሚሊ ሊትር አምፑል 20 ሚሊኢኩቫለንት ይዟል። የአንድ አዋቂ ሰው ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ደግሞ 3 ሊትር ገደማ ነው። ሲባዛ በፕላዝማው ውስጥ ያለው ፖታሲየም በጠቅላላው 12 ሚሊኢኩቫለንት አካባቢ ይሆናል። እኔ ያን ሌሊት በሴኮንዶች ውስጥ ልገፋው የነበረው ከዚያ ይበልጣል።

ስለዚህ ፖታሲየም ክሎራይድ በሲሪንጅ ወደ ደም ሥር በቀጥታ አይገፋም። ለማንም፣ መቼም፣ ማንም ቢያዝሽ። ሁልጊዜ በግሉኮስ ወይም በሴላይን ከረጢት ውስጥ ተበርዞ ነው የሚሄደው። በተራ የክንድ ደም ሥር ሲሆን በአንድ ሊትር ውስጥ ከ40 አይበልጥም፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ10 ሚሊኢኩቫለንት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ፍጥነት የልብ ሞኒተርና ሐኪም በቅርብ ይፈልጋል። ከረጢቱ ላይ ስትጨምሪ ተሰቅሎ እየፈሰሰ አይሁን። አውርጂው፣ ጨምሪ፣ ደጋግመሽ እየገለበጥሽ ቀላቅይ። አለበለዚያ ፖታሲየሙ ከታች ይጠራቀምና መጀመሪያ የሚገባው እሱ ይሆናል። ደግሞ ታካሚው ሽንት እየሸና መሆኑን ሳታዪ አትጀምሪ። ትርፉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ካልሠራ ይጠራቀማል። አምፑሉን ደግሞ ከሴላይንና ከተጣራ ውኃ ጋር አንድ ትሪ ላይ ካየሽው፣ የማንም ይሁን፣ አንሺና ለይተሽ አስቀምጪው።

በሲሪንጅ ውስጥ ያለ ነገር አብዛኛው ውኃ ይመስላል። ሴላይን፣ ፖታሲየም፣ አድሬናሊን፣ ማግኒዥየም፣ ከአጠገብ ሆነሽ አትለዪያቸውም። ለዚህ ነው ራስሽ ያልሳብሽውን፣ ወይም ሲሳብ ከአምፑሉ ጋር ያላየሽውን የማትሰጪው። አንቺም ሞልተሽ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ የምታስቀምጪ ከሆነ ሲሪንጁ ላይ ስሙንና መጠኑን ጻፊ።

ወደ ስሌቱ ልምጣ። ተማሪዎቼ «ሒሳብ አልችልም» ይሉኛል። አብዛኞቹ ሒሳቡን ይችላሉ። የሚጎድላቸው ያገኙት ቁጥር ትርጉም ይስጥ አይስጥ መመዘን ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። 3 ኪሎ የሚመዝን፣ በጊዜው የተወለደ ጨቅላ በመጀመሪያው ሳምንት ጄንታማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ታዘዘለት። 3 ጊዜ 5፣ 15 ሚሊ ግራም። መደርደሪያው ላይ ያለው አምፑል 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ይላል። በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ማለት ነው። 15ን ለ40 ስናካፍል 0.375፣ ማለትም 0.38 ሚሊ ሊትር ገደማ። ነጥቧ አምልጣሽ 3.75 ብትዪስ? አንድ አምፑል 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ አምፑል ልትከፍቺ ነው። ለ3 ኪሎ ሕፃን ሁለት የአዋቂ አምፑል! እዚህ ጋ እጅሽ መቆም አለበት። ብዙ አምፑል ወይም ብዙ ኪኒን የሚያስከፍትሽ ስሌት ሲገጥምሽ አቁሚና ሌላ ሰው ለብቻው እንዲያሰላው ጠይቂ። ያንቺን መልስ አስቀድመሽ አትንገሪው። ከነገርሽው እሱም ያንቺኑ ይደግምልሻል።

ከዚሁ ጄንታማይሲን ሳንወጣ፦ 20 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር የሆነ አምፑልም አለ። ከእሱ ከሆነ ያው 15 ሚሊ ግራም 1.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ የሚሳበው ግን አራት እጥፍ ይለያያል። «ትናንት ይህን ያህል ስቤ ነበር» ብሎ ነገር እንግዲህ የለም። «አንድ አምፑል ስጪ» የሚል ትእዛዝም እንደዚሁ። ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ ጠይቂ። ለዚህ መድኃኒት «ምን አያለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስሽ ምን እንደሆነም እወቂ፤ ጄንታማይሲን ሲበዛ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል። ስለዚህ ሽንት ትከታተያለሽ።

ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔትም ብዙ ተማሪ ያሳስታል፤ ምክንያቱም አበራረዙ ሁለት ነው። 60 ሚሊ ግራም የሆነው ቫያል (የዱቄት መድኃኒት ብልቃጥ) መጀመሪያ አብሮት በሚመጣው 1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሟሟል። ከዚያ በደም ሥር ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ይጨመርበትና በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል። በጡንቻ ከሆነ 2 ሚሊ ሊትር ይጨመርና 20 ሚሊ ግራም ይሆናል። ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑ ልጆች በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 2.4 ነው። 16 ኪሎ ለሆነ ልጅ 48 ሚሊ ግራም፤ በደም ሥር 4.8 ሚሊ ሊትር፣ በጡንቻ 2.4። መንገዱን ካላረጋገጥሽ ልጁ ወይ እጥፍ ያገኛል፣ ወይ ግማሽ። ክብደቱን ደግሞ በግምት አትውሰጂ። ሚዛን ላይ አውጪው።

ኢንሱሊን ላይ ትንሽ ልቆይ። ከፖታሲየም ቀጥሎ በጣም የምፈራው እሱን ነው። አብዛኛው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው። 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ጠብታ የሚያህል። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ጠፍቶ በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሲሳብ አይቻለሁ። የዚያ ሲሪንጅ ትንሿ መስመር 0.2 ሚሊ ሊትር ናት። ማለትም 20 ዩኒት። በእሱ 10 ዩኒት መለካት አይቻልም፤ መገመት ብቻ ነው። ሲሪንጁ ከሌለ ፈልጊ፣ ከሌላ ዋርድ ተዋሺ። ቻርት ላይ ስትጽፊም «ዩኒት» የሚለውን በሙሉ ጻፊ። በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በU፣ ካሳጠርሽው በችኮላ የተጻፈው ፊደል ዜሮ ይመስልና 10 ዩኒት 100 ሆኖ ይነበባል።

የጠራው ሬጉላር ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ሲሰጥ በግማሽ ሰዓት ገደማ መሥራት ይጀምራል። ከተሰጠ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ደመናማው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚባለው፣ ቆይቶ ይጀምራል፣ ረዘም ያለ ጊዜም ይሠራል። ወደ ደም ሥር የሚሄደው ከሁለቱ የጠራው ብቻ ነው። ምግቡ ካልመጣ ሬጉላሩን ወግተሽ አትሂጂ። ታካሚውን «ቁርስ በሉ?» ብለሽ በአፍሽ ጠይቂ። በጾም ወቅት፣ በረመዳንም ጭምር፣ ታሞ የተኛ ሰው ሳይናገር ሊጾም ይችላል። የቀረበለት ምግብ ራስጌው ላይ ተቀምጦ ስላየሽ የበላ አይምሰልሽ። ከሰጠሽ በኋላ የምትጠብቂው ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደናገር ነው። እነዚህን ካየሽ ስኳሩን ለኪ። በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነና ታካሚው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ስጪው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም እንዳታስገቢ። ሐኪም ጥሪ፤ 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ይዘጋጅ።

ሰዓት ካነሳን፣ የእኛ አገር የተለየ ችግር አለው። መማሪያ መጽሐፎቻችን በሌላ አቆጣጠር ስለተጻፉ አያነሱትም። ሐኪሙ ቻርት ላይ 8፡00 ብሎ ይጽፋል። ጠዋት ማለቱ ነው፤ በእኛ 2 ሰዓት። ተረኛዋ ነርስ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ብላ ልታነበው ትችላለች። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ኢንሱሊን ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሽተኛ ወደ ቤቱ ሲሄድም ያው ነው። «በየ8 ሰዓቱ ይውሰዱ» ስትዪው «በ8 ሰዓት» ብሎ የሚሰማ አለ፤ በቀን አንዴ ብቻ ይወስዳል። እኔ «ጠዋት ሲነሱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ማታ ሲተኙ» ብዬ ነው የምነግረው። ከዚያ «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱ መልሰው ይንገሩኝ» እላለሁ። የማብቂያ ቀኑንም አትርሺ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ 2017 ላይ ሆኖ 2024 የሚል መድኃኒት የያዘ ሰው ገና 7 ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል።

«ምን አያለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ግልጽ የሚሆነው ማግኒዥየም ሰልፌት ላይ ነው። ማዋለጃ ክፍል ስትገቢ ታገኚዋለሽ። በደም ግፊት ምክንያት የሚያንቀጠቅጣትን ነፍሰ ጡር የሚያድን መድኃኒት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የታተመው፣ ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት የማንቀጥቀጥ አደጋውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያው መድኃኒት ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማል። ደግነቱ በቅደም ተከተል ያስጠነቅቃል። መጀመሪያ ጉልበቷ ላይ ስትመቺ እግሯ መፈናጠሩን ይተዋል። ቀጥሎ ትንፋሽ ይዳከማል። ከዚያ ልብ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀጣይ ዶዝ በፊት ሦስት ነገር ታያለሽ፦ የጉልበት ሪፍሌክስ አለ? ትንፋሽ በደቂቃ 16 ወይም በላይ ነው? ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ነው? አንዱ ከጎደለ ዶዙ ይቆማል፤ ሐኪም ይጠራል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ 10 በመቶ የሆነው 10 ሚሊ ሊትር፣ በደም ሥር በቀስታ። የመጀመሪያው ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት አልጋው አጠገብ መኖር አለበት። ትንፋሽ ከቆመ በኋላ ፋርማሲ መሮጥ ምን ይጠቅማል?

ስለ ታካሚ ማንነት በአጭሩ። «6 ቁጥር» ስም አይደለም። ሰው መስኮት አጠገብ ልሁን ብሎ አልጋ ይቀይራል። «አቶ ከበደ ነዎት?» ብለሽም አትጠይቂ፤ ያልሰማ ወይም የደከመ ሰው «አዎ» ይላል። «ስምዎን ከነአባትዎ፣ ከነአያትዎ ይንገሩኝ» በይ፤ ከቻርቱና ከካርድ ቁጥሩ ጋር አስተያዪ። አለርጂም እዚያው ጠይቂ። «አለርጂ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ካለ «መድኃኒት ወስደው ሰውነትዎ አብጦ፣ አሳክኮዎት፣ ትንፋሽ አጥሮዎት ያውቃል?» በያቸው።

አሁን ወደ «እሺ»ሽ። ይሉኝታ ነው ያስቸገረሽ። ታላቅሽን «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ንቀት ይመስልሻል። እኔ ከዚህ ሙያ ብዙ ተማሪ አሳልፌያለሁ፤ ጠይቃ የተቆጡባትን ተማሪ ከሳምንት በኋላ ማንም አያስታውሳትም። አክብረሽ መጠየቂያ መንገድ አለ። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ያልሞላሁትን መስጠት አልተፈቀደልኝም። አምፑሉን ያሳዩኝና አብረን እንሂድ?» በያቸው። እንዲህ ብለሽ ከተቆጡ ይቆጡ። በስልክ የመጣ ትእዛዝ ሲሆንም የሰማሽውን መልሰሽ ለሐኪሙ አንብቢለት፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ መንገዱን። አስራ አምስትና ሃምሳ በስልክ አይምታቱም ይሆናል፤ ሁለት የመድኃኒት ስሞች ግን ይምታታሉ።

አንድ ቀን ብትሳሳቺስ? ወዲያው ተናገሪ። ታካሚውን እዪ፣ ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና ሙቀት) ለኪ፣ ሐኪም ጥሪ፣ የሰጠሽውን እንደሰጠሽው ጻፊ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው የሚያድኑት፤ ከደበቅሽ ያልፋሉ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት የሚቀበልበት ቢጫ ቅጽ አለ። ዋርድሽ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ከወዲሁ ጠይቂ።

ለዚያች ሲሪንጅ ደግሞ ነገ የምታደርጊውን ልንገርሽ። የ6 ቁጥሩን ታካሚ ቻርት ክፈቺና በዚያ ሰዓት ምን እንደታዘዘ እይ። ለክሊኒካል አስተማሪሽም የሆነውን ንገሪያት። ከዚያ ኪስሽ የሚገባ ትንሽ ደብተር ግዢ። ለእያንዳንዱ መድኃኒት አንድ ገጽ፦ ምን ይሠራል፣ በምን መንገድ፣ በምን ፍጥነት፣ ምን አያለሁ፣ ምን ካየሁ አቆማለሁ። መጀመሪያ ገጹ ላይ የዚያን ሲሪንጅ መድኃኒት ጻፊ።